በርሚሉና ቆሎው

የካቲት 11 ቀን 1933፣ ማክሰኞ

የእንቁላል ተራ ዛሬ የእኛ ቤት ነበር። ጭቃ ሹሙ ለጣሊያን ግምጃ ቤት በየተራ እንቁላል አድርሱ ብሎ ከደለደለን ወዲህ ዶሮዎቻችን ማክሰኞን ያወቁ ይመስላል። ሰኞ ማታ መጣል ያቆማሉ። እነሱም በልባቸው ሸፍተዋል።

የልጅ ልጄ አለሚቱ ቅርጫቱን ይዛ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«አባባ፣ እንዳይሰብሩት።»

«ብሰብረውስ? እነሱም ሰብረው አይደል የሚበሉት?»

አልሳቀችም። ሴት አያቷን እየመሰለች ነው።

ግምጃ ቤት ጠባቂው ጴጥሮስ ይባላል። በአገሩ ሌላ አጠራር አለው፤ እኔ ጴጥሮስ አልሁት፣ እሱም እሺ አለ። አማርኛውን ከየትኛዋ ሴት እንደተማረው አላውቅም፣ ወንዱን ሁሉ «አንቺ» ይላል። ዛሬ ከአንዲት የእንጨት በርሚል አጠገብ ተቀምጦ ይጠጣል። ትንሽ ናት፣ ከእንስራ ብዙም አትበልጥ።

«አንቺ ሽማግሌ፣ ጠጅ ታውቂ?»

እኔን... በደጃዝማች ቤት ጎልማሳነቴን ሁሉ ጠጅ አሳላፊ ሆኜ የጨረስሁትን ሰውዬ። ብርጭቆ ሲያቀርብልኝ አልተቀበልሁትም፣ መዳፌን ዘረጋሁ። አሳላፊ ከመዳፉ ነው የሚቀምስ። መርዝ ካለበት ከጌታው ቀድሞ እሱ ይሞታል። ጴጥሮስ ሳቀና አፈሰሰልኝ።

ነጭ ይሉታል እንጂ ነጭ አይደለም፤ የጤፍ ገለባ ቀለም ነው። መጀመሪያ ትርንጎ ሸተተኝ፣ ልጣጩን በጥፍር ሲጭሩት የሚሸተው። ቀጥሎ ለጋ ቅቤ የመሰለ ልስላሴ። መጨረሻ ላይ ግን... ቆም አልሁ። ጭስ ነው? ጭስም አይደለም። በወይራ የታጠነ ቅል ለወተቱ የሚሰጠው ዓይነት ጠረን።

«ዕቃው ታጥኗል» አልሁት።

አልገባውም። በእጄ ጭስ ሠርቼ አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀና በርሚሏን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። እንጨቱ ነው አለ። አባቱ በርሚል ሠሪ ነው። ሳንቃውን ሊያጎብጡት ውስጡን በእሳት ይለበልቡታል፣ ከዚያ ወይኑ ዓመት ይተኛበታል። የዛፉን ስም በቋንቋው ነገረኝ። በመጽሐፍ ባሉጥ የሚባለው ይሆን? እንጃ። እሳት ካየስ ታጠነ ማለት አይደለም ወይ? እሱም ልክ፣ እኔም ልክ ብዬ ተውሁት።

«ከምን ጋር ነው የምትጠጡት?»

«ዓሣ» አለ። ዓይኑ ግድግዳውን አልፎ ሄደ። «የባሕር ዓሣ። እዚህ ዓሣ የለም።»

ተከዘ። በሰው አገር መጥቶ ዓሣ የለም ብሎ መተከዝ... ማን ና አለው?

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለየብርጓል አወራሁላት። ይህን ምላሴን የሚቆርጥልኝ አጣሁ።

«ከነማን ጋር ጠጡ?»

«አልጠጣሁም። ቀመስሁ።»

«ልጄን በየገደሉ የሚያሳድዱትን ሰዎች ጠጅ ቀምሰው መጡ? እንቁላሉንስ ተገደው ነው። ወይኑንስ ማን አስገደደዎ?»

ባዶውን ቅርጫት ሰቀልሁ።

ታረቀኝ አንድ ልጃችን ነው፣ የአለሚቱ አባት። የአለሚቱ እናት ስትወልዳት ነው የሞተችብን። መሣሪያ አስረክቡ የተባለ ጊዜ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። በዚያው ዕለት የብርጓል ማርቆስ ደጅ ሄዳ ተሳለች፤ ታረቀኝ በዚህ ቤት ገብቶ በዓይኔ እያየሁት እስኪጎርስ ድረስ፣ ከደረቅ እንጀራ፣ ከገብስ ቆሎና ከውሃ በቀር ምላሴን የሚነካው የለም አለች። እሱ በየዋሻው ቆሎ እየቆረጠመ እኔ ወጥ ልበላ? አለች። ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ።

ወጥ ትሠራልናለች፣ አትቀምሰውም። ድሮ ጣቷን ጠቅ አድርጋ ትልስና ጨው ትጨምር ነበር። አሁን ጭልፋውን ለእኔ ትዘረጋለች። «ጨው በቃው?» ትላለች። እኔ እቀምስላታለሁ። በእርጅናዬ ተመልሼ አሳላፊ ሆንሁ።

የካቲት 13

የብርጓል ጭልፋውን ለአለሚቱ ዘረጋችላት። ከሹመቴ ተሻርሁ።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቅበላ ነው፣ ነገ ጾም ይገባል። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ኪዳን መጡ። ሥጋውን በልተው ሲጨርሱ ጠብቄ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ስለቷ ቆሎ ይላል። ቆሎው በቅቤ ቢታሽ ቆሎነቱን ያጣል?»

ጢማቸውን አሻሹ። «ቆሎ... ቆሎ ነው።»

«በማርስ ቢለወስ?»

«እንደሱ እንኳ...»

ከጓዳ ድምፅዋ መጣ። «አባ፣ ለዚህ ሰው አይመልሱለት። ማርቆስ ጠበቃ አልቀጠረም፣ እኔም አልቀጠርሁም።»

አባ እየሳቁ ወጡ። እኔም ሳቅሁ... ኋላ ግን መቀነቷን ስትታጠቅ አየኋት። ሁለት ዙር ይዞራት የነበረው ሦስት ዞሮ ጫፉ ይተርፋል። ደረቅ እንጀራና ቆሎ የአንድን ሰው ሰውነት እስከ መቼ ይይዛል? እሱ የሚመጣው መቼ ነው? ከሁለቱ ማን ይቀድማል?

ይህን ለማንም አልናገርም። የምናገረው ቀልዱን ነው።

የካቲት 17

ታረቀችኝ። ጭልፋው ተመለሰ። «ጨው በቃው?» ምንም እንዳልሆነ ሰው። ሽሮው ጨው አንሶት ነበር፣ በቅቶታል አልኋት። ሹመቴን አንድ ቀን እንኳ ሳልይዝ አላስቀይማትም።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

የብርጓል ሽምብራ ዓሣ ሠርታ ነበር። የሽምብራውን ሊጥ በዓሣ አምሳል ትቆርጠዋለች፣ ጅራት ታወጣለታለች፣ ዓይን ትወጋለታለች። አንድ ጣባ ሙሉ ሰርቄ ከእንቁላሉ ሥር ደበቅሁ።

ጴጥሮስ ክዳኑን ሲያነሳ ፊቱ በራ። «ዓሣ?»

«ዓሣ» አልሁት ኮስተር ብዬ።

ጎረሰ። በምላሱ ፈለገ። አሁንም ፈለገ። «አጥንት የት?»

«የጎጃም ዓሣ ጾመኛ ነው፣ አጥንት አያበቅልም።»

በጣቱ ፈረካክሶ አየው፣ ሽምብራ መሆኑ ገባው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በርበሬውም አግዞታል። ወይኑን እያከታተለ ጣባውን ባዶ አደረገው። ለእኔም ሊቀዳልኝ በርሚሏን ቢያዘነብል እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።

«ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም፣ ጾም ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም አልቀምስም ነበር። የብርጓልን ፈርቼ ነው... አፍሬ ነው። የትኛው ነው?

ድንገት፦ «ልጅ አለሽ?»

«አለኝ።»

«የት?»

ከሳቁ ቀጥሎ መምጣቱ ደስ አላለኝም። የዋህ ይሁን አሽሟጣጭ፣ የግምጃ ቤት ሰው ይሁን ሰላይ፣ በሰው ፊት ላይ አይጻፍም።

«በእናቱ ሆድ» አልሁት።

ቀልድ መሰለው። የተናገርሁት እውነት ነበር።

አለቃው ጠርቶት ተነሣ፣ እኔም ጣባውን ትቼ ወጣሁ።

ማታ የብርጓል፦ «ጣባዬስ?»

«ዓሣ ማጥመድ ሄዷል።»

ረጅም አየችኝ። አውቃለች።

መጋቢት 14

ከደንበጫ በኩል መድፍ ይሰማል ይላሉ። እኔ ጆሮዬ ደክሟል፣ አልሰማሁም። ዶሮዎቹ ግን ሰምተዋል፣ እንደ ልባቸው መጣል ጀመሩ። የእንቁላል ተራ ቀረ።

የብርጓል ገብስ ትቆላለች። ትናንት ቆላች፣ ዛሬም ቆላች። «ለማን ነው ይህ ሁሉ?» ብላት፣ «የሚመጣ ሰው ቢኖር» አለች።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ሄዱ።

ሲነጋ የጣሊያኖቹ ግንብ ጸጥ ብሏል። ሰው መጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ አየ፣ ቀጥሎ ቀረብ አለ፣ ከዚያ ማን ይያዘው። አንዱ የበቅሎ ኮርቻ ተሸክሞ ሲሮጥ አየሁ፤ በቅሎ የለውም። አንዲት መነኩሲት የመኮንን ጫማ ይዘው ወጡ።

ዱላዬን ይዤ አለሚቱን አስከትዬ ወደ ግምጃ ቤቱ ገባሁ። ዱቄቱ አልቋል፣ ጨርቁም አልቋል። በርሚሏ ከነበረችበት ጥግ ናት፣ እንጨት ናት ብሎ ዞር ብሎ ያያት የለም። ላይዋ ላይ ጣባችን ተቀምጧል። ታጥቦ፣ ተደፍቶ።

የምትሸከማት በቅሎ አጥቶ ይሁን፣ ለእኔ ብሎ ይሁን... ማን ይጠየቃል? ጠላት ጠላት ነው። ጣባዬን ግን አጠበ።

በርሚሏን እያንከባለልን አመጣናት። አለሚቱ ከፊት እየሮጠች ድንጋይ ታነሣለች፣ እኔ ከኋላ እገፋለሁ። የብርጓል በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ጣባውን ተቀበለችን፣ ገልብጣ አየችው፣ አሸተተችው።

«ይሄ ይግባ። ያ አይገባም።»

«የብርጓል፣ ይህ ምርኮ ነው። ጥለውት የሸሹት ማንን ፈርተው ነው? ልጅሽን። ድርሻው ነው።»

ይህን አላሰበችውም ነበር። በርሚሏን እንደ አዲስ አየቻት።

«እንግዲያው ከጣሪያው ጥላ ሥር ትቀመጥ። እሱ ሲመጣ ይከፍታታል።»

«ሳልቀምስ ላቀርብለት ነው? ከምን ጋር እንደሚስማማስ ሳላውቅ? አሳላፊ እኮ ነኝ።»

«በቀን አንድ መዳፍ» አለች። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። መዳፉም የእርስዎ እንጂ የሌላ ሰው አይሆንም።»

አባ ገብረ ኪዳንን ማለቷ ነው።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ጃንሆይ ከተማ ገቡ። ሕዝቡ እንዳለ ወጣ፣ እልልታው እዚህ ድረስ ይሰማል። አለሚቱ ከጎረቤት ጋር ሄደች። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ የብርጓልን ጠበቅሁ፣ እሷ ግን አልተነሣችም።

«አትወጪም?»

«የእኔ ገና አልገባም» አለች።

ነጠላዬን ዘርግቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

ሚያዝያ 2

አርበኞች በየቀኑ ይገባሉ። ጠጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል። በደጃችን ባለፉ ቁጥር የብርጓል በር ላይ ትቆማለች፣ ካለፉ በኋላም ትቆማለች። ታረቀኝ የለም።

እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። አባ መጀመሪያ፣ የካቶሊክ ዕቃ ነው ብለው ጸለዩበት፣ ጠበልም ረጩበት። በማግሥቱ ጸሎቱ መያዙን ለማየት መጡ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። ሲያጣሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው።

እስካሁን ያገኘሁት ይህ ነው። ከስልጆ ጋር አይሆንም። የሰናፍጩ ሽታ አፍንጫ ይይዛል፣ ወይኑ በሩን አንኳኩቶ የሚከፍትለት አጥቶ ይመለሳል። ከተልባ ጋር ሁለት ዝምተኞች ሲገናኙ ማለት ነው፣ እሺ እሺ ተባብለው ይለያያሉ። ከሽሮ ጋር ይሻላል፣ ግን ሽሮው ጌታ ይሆንና ወይኑ ከኋላው ጋሻ ይዞ ይከተላል። ታዲያ ልጄ ሲመጣ ምን ላቅርብለት?

ዛሬ የብርጓል ገብስ ቆልታ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ታበጥራለች። ገና ሙቅ ነው። ሰረቅኋት። መንጋጋ ግን የለኝም፣ ሁለት ቀርተውኛል፣ እነሱም አይገናኙም። ቆሎው እንዲለሰልስልኝ ዋንጫዬ ውስጥ ጣል አደረግሁት። ትንሽ ጠብቄ ወይኑን ከነቆሎው አፌ ውስጥ አቆየሁት።

ዓይኔን ጨፍኜ አጣጣምሁት።

እሳት እሳትን አወቀው። የበርሚሉ ልብለባና የምጣዱ አቆላል አንድ ሆኑ። ገብሱ ጣፈጠ፣ ወይኑም ኮምጣጣነቱን ትቶ ለሰለሰ። በደጃዝማች ቤት ስንት ድግስ አሳልፌ እንዲህ ያለ ስምምነት አልቀመስሁም።

«የብርጓል» አልኋት። «አገኘሁት። ያንቺ ቆሎ ነው።»

«ምኑ?»

«ከወይኑ ጋር የሚሄደው። ከሁሉም የተስማማው እሱ ነው።»

ሰፌዱን አየች። እኔን አየች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሲታዘንልኝ የነበረው ቆሎ ዛሬ ጌታ ሆነ?» አለችና ሳቀች። ከሆዷ ነው የሳቀችው፣ ሰፌዱ ጭኗ ላይ እስኪናጥ። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቷል።

ዋንጫውን አሻግሬ ያዝሁላት። አየችው። አሸተተችውም። ከዚያ በእጇ ጀርባ ወደ እኔ መለሰችው።

«ቆይ» አለች። ለእኔ ይሁን፣ ለወይኑ ይሁን፣ ለራሷ ይሁን።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሕማማት ነው፣ ወይኑም ተከድኗል። አወቀ የሚባል ሰው ከአምበር መጣ። ከታረቀኝ ጋር አብሮ የነበረ ነው። ሕማማት ነውና አልተሳሳምንም። በር ላይ ቆሞ ነው ያወራን።

«ሲሸሹ እስከ ዓባይ ተከተልናቸው። አፋፉ ላይ አብረን ነበርን። ከዚያ ተኩስ ሆነ፣ ተደባለቅን። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም እማማ።»

«ወድቆ አየኸው?» አለች የብርጓል።

«አላየሁም።»

«ቆሞስ?»

«አላየሁም።»

ሌላ አልጠየቀችም። ወደ ምጣዷ ተመለሰች። አወቀ ሄደ። እኔ አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትሁ... የምቀልደው አጣሁ። በኋላ ሸተተኝ። ቆሎው አርሯል። አብረን ስንኖር አንድም ቀን ቆሎ አሳርራ አታውቅም።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ዶሮ አረድን። ወጡ ሲደርስ ጭልፋውን ዘረጋችልኝ።

«ጨው በቃው?»

«በቃው።»

ከወይኑ ጋር ሞከርሁት። አይሆንም፣ በርበሬው ሲመጣ ወይኑ ሸሸ። ከአይቡ ጋር ግን ደኅና ናቸው። ለአይቡም ለወይኑም ማን ግድ አለው?

እሷ በፋሲካ ቀን፣ ያን ሁሉ ጾም ጾማ፣ ደረቅ እንጀራዋን ቆረሰች። አለሚቱ አልቻለችም። ከወጡ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችና ወደ አያቷ አፍ ወሰደችው። «እማዬ፣ በሞቴ።» የብርጓል ጉርሻውን በመዳፏ ተቀበለችው፣ ግንባሯን ሳመቻት፣ መልሳ ለራሷ ለአለሚቱ አጎረሰቻት። ልጅቱ እያለቀሰች አላመጠች።

እኔ ዶሮ አጥንት እየጋጥሁ ነበር። የሚጋጥበት ጥርስ ሳይኖረኝ። ቀና ላለማለት።

ሚያዝያ 15

ወይኑ ኮምጠጥ ማለት ጀምሯል። በርሚሏ ጎድላለች፤ ከእኔ መዳፍ የአባ ገብረ ኪዳን መዳፍ ይሰፋል። ጴጥሮስ ያን ቀን ነግሮኝ ነበር፣ ወይን ከላይ ባዶ ቦታ ከተተወለት አየር ገብቶ ያበላሸዋል ብሎ። ልጄ ሲመጣ ኮምጣጤ ላቀርብለት ነው? ሲመጣ አልሁ። እንዲሁ ልጻፈው።

አሰብሁ፣ አሰብሁ። ጠጠር። ንጹሕ ጠጠር ቢገባበት ወይኑ ወደ ላይ ይነሣል፣ ባዶው ቦታ ይሞላል። አለሚቱን ወንዝ ላክኋት። ቅርጫት ሙሉ አመጣች፣ እንደ እንቁላል ድቡልቡል ያሉ። ትንሽ ጋደም ብዬ ስነሣ ምን አያለሁ? የብርጓል ከደጅ ተቀምጣ ጠጠሩን አንድ በአንድ በአሸዋ እየፈተገች በሙቅ ውሃ ታጥባለች።

«በርሚሉን አልነካም ያልሽ መስሎኝ?»

«በርሚል አልነካሁም። ድንጋይ ነው የማጥበው። ድንጋይ ማጠብ በስለቴ የለበትም።»

ለካ ከእኔ ጋር ኖራ ኖራ ጠበቃ ሆናለች።

እኔ ጨመርሁት። ጠብ፣ ጠብ... ወይኑ እስከ አፉ ሞላ። ውታፉን አጥብቄ መታሁ። እሷ ጎንበስ ብላ በርሚሏን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችላት። ውኃ ነክቷት ነበር መሰለኝ።

ሚያዝያ 20

ዛሬም የለም።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

መጣ።

ሚያዝያ 25

ትናንት እጄ አልጽፍም አለኝ። ዛሬ ልሞክር።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። ደጅ ተቀምጬ ዱላዬን እጠርባለሁ። ጥላ መጣብኝ። ቀና ስል ጠጉሩን ያጎፈረ ሰው ቆሟል፣ ነጠላውን እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኗል። ዓይኑን አየሁት። የእናቱ ዓይን ነው።

ዱላዬን ጣልሁ። የብርጓል ሳትጠራ ወጣች። ጉልበቷ ላይ ተደፋ፣ እሷም ጀርባውን እንደ ሕፃን እየዳበሰች ቆመች። አለሚቱ ከኋላዬ ተደብቃ የነጠላዬን ጫፍ ትጎትታለች። «ማነው አባባ?» «አባትሽ ነው።» አልወጣችም፣ ግን አጮልቃ አየችው።

ገባ። በዚህ ቤት ገባ። የስለቱ አንዱ ደረሰ። የብርጓል ወጡንም እንጀራውንም አቀረበች፣ ፊቱ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ተከለችበት።

«ጉረስ።»

ቆረሰ። ያዘው። መልሶ አስቀመጠው። ነጠላውን ከአፉ አያወርድም።

«ጠገብሁ እምዬ። መንገድ ላይ በልቻለሁ።»

እሷ ተነሥታ በእጇ ቆሎ አመጣችለት፣ ሲቆላ የሰነበተውን። መዳፉ ላይ ቆጠረችለት። ቆሎውን አየው፣ ያዘው። አልበላም።

የእሷ ፊት ሲጨልም አየሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀችው ጉርሻ ነው፣ ልጁ ፊቷ ተቀምጦ አይጎርስም። ጭንቅ ሲሆን ምላሴ እንደሆነ አያርፍም።

«ምነው ልጄ? ዓባይን ስትሻገር ተሾምህ እንዴ? በገዛ ቤቱ አፉን የሚሸፍን ደጃዝማች ብቻ ነበር የማውቀው።»

ከዚያ ነጠላውን አወረደ።

የፊት ጥርሶቹ የሉም። ላይም ታችም። ድዱ አብጧል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ተጋጥሟል። ዓባይ አፋፍ ላይ ነው፣ በጠመንጃ ሰደፍ። ይጁቤ መንደር አንዲት ሴት ቤት ተኝቶ ሰንብቷል። በርበሬው ያቃጥለዋል፣ እንጀራ ማላመጥ ያመዋል። እናቱ እንዳታይበት ነው ዘግይቶ የመጣው። እንዳታይበት ነው የተሸፈነው።

ያን ቀልድ ብውጠው በወደድሁ። አልተዋጠም። ሌላ መላ አልነበረኝም፣ የራሴን አፍ በሰፊው ከፈትሁና አሳየሁት።

«እኔ ሰባ ዓመት የፈጀብኝን ሥራ አንተ ባንድ ቀን ጨረስኸው?»

እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ብቻም አልነበረም።

የብርጓል አልሳቀችም። ቆሎውን ከመዳፉ መልሳ ሰብስባ ወጣች። ወዲያው የሙቀጫ ድምፅ ሰማን። ወቀጠች፣ ነፋች፣ በሶ አደረገችው። በጣባው ይዛው መጣች፣ ያው ሰርቄው የነበረው ጣባ ነው።

«ያንን ውታፍ ይክፈቱልኝ» አለችኝ።

ከፈትሁላት። በርሚሏን በገዛ እጇ አዘንብላ በሶው ላይ አፈሰሰች። ጠጠሩ ከውስጥ ተንኳኳ። በሶ፣ በፈረንጅ ወይን። ጴጥሮስ ቢያይ ለዓሣው ካለቀሰው የበለጠ ያለቅስ ነበር። ጨው ጣል አደረገች፣ በጣቶቿ ለወሰችው፣ ጭብጦ አደረገችው።

ከዚያ እጇ ቆመ። አሰበች። ያችን ማሰብ አውቃታለሁ፤ ጨው በቃው ወይስ አልበቃው። እኔም እንደ ልማዴ ጠጋ ብዬ መዳፌን ዘረጋሁ።

አላየችኝም። ልጇን እያየች ነው። ጣቷን ወደ አፏ ወሰደችና ላሰች።

ጥቂት ጨው ጨመረች። እንደገና ላሰች። አሁን በቃው። ከጭብጦው ቆርሳ አጎረሰችው። ቀስ አድርጎ በምላሱ አዟዟረው፣ ዋጠው፣ አፉን ለሁለተኛው ከፈተ።

ልብ ሊባል ይገባል፤ ስለቱ «በዓይኔ እያየሁት እስኪጎርስ ድረስ» ነው። እሷ ቀድማ ቀመሰች። ቅቤ ያልነካት፣ በፋሲካ ጉርሻ የመለሰች ሴት፣ መጨረሻ ላይ በአንዲት ጣት ቀደመችው። እንዲህ ያለ የምቀልድበት ነገር እስክሞት አላገኝም። በየሰርጉ፣ በየማኅበሩ፣ በአባ ገብረ ኪዳን ፊት ስንት ዓመት የሚወራ ነው።

አለሚቱ አላየችም፤ አባቷ አጠገብ ደርሳ ጠጉሩን ትነካካለች። ታረቀኝም አላየም። እሷ ራሷም አላወቀችውም።

የዘረጋሁትን መዳፍ ሰብስቤ ጢሜን አሻሸሁበት። አንድ ቃል አልተናገርሁም።

«አንቱ ደግሞ ምን ያፈጡብኛል?» አለችና ከጭብጦው ቆርሳ ለእኔም አጎረሰችኝ። ወይኑ ኮምጠጥ ብሎ ነበር፣ በገብሱ ውስጥ ግን ይጥማል። ጨው በቃው ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

ዛሬም ጠዋት ለወጡ አልተጠራሁም። ጓዳ ሆና እየላሰች ትጨምራለች። ከሹመቴ ተሻርሁ፣ ማርቆስ ይመስገን።